የእድሩ አክሲዮን

ባሌ አምሳሉ እዚህ በስደት ያቋቋምነው እድር ገንዘብ ያዥ ነው። ቀን ግሮቭ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሲነዳ ይውላል፤ ቤት ሲገባ የአክሲዮን ዋጋ ያነባል። በ2022 ጁን ላይ ገበያው ሲወድቅ የሰው ሁሉ ፊት ጠቆረ፣ የእሱ ግን በራ። ጥሩ ካምፓኒ እንዲህ ረክሶ ተገኝቶ እንዴት ዝም ይባላል ይለኝ ነበር። አልተሳሳተም፤ ጎመን ሲረክስ እኔም አብዝቼ ነው የምገዛው። ግን ጎመን የምገዛው በራሴ ገንዘብ ነው።

ስብሰባ ላይ ሐሳቡን አቀረበ። የእድሩ ገንዘብ ባንክ ተኝቶ ዋጋ ከሚያጣ አሁን ርካሽ አክሲዮን ይግዛበት፣ ዓመት ሁለት ዓመት ብንታገስ ይነሳል አለ። መጠየቅ የነበረበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እስከዚያ ሰው ቢሞትብንስ? ገንዘቡ የቀብር ነው። ጥያቄው ሁላችንም አፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጋሼ ባስልዮስ ፊት ለፊታችን ተቀምጠዋል። ልባቸው ደክሞ፣ እግራቸው አብጦ፣ ልጃቸው ደግፋ ያመጣቻቸው ሽማግሌ። እሳቸው እያዩን ሞትን ማን ያንሳ? ይሉኝታ ያዘንና አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ገዛ። ገበያው ትንሽ ቀና አለና ተመልሶ ቁልቁል ወረደ።

አምሳሉ ጋሼን መጠየቅ ያበዛው ያኔ ነው። ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ፍራንክሊንተን ሰፈር እሳቸው ቤት ይሄዳል። ጨው የሌለው ሾርባ አሠርቶኝ ይወስዳል፣ መድኃኒታቸውን ያመጣል፣ ሐኪም ቤት ያደርሳቸዋል። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ታድለሽ ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ከእሱ ጋር ነው የምኖረው። ስልክ በጠራ ቁጥር ፊቱ አመድ ይመስላል። ከቅዳሴ ስንወጣ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ያያቸዋል፤ የከሳውን፣ የገረጣውን፣ ያልመጣውን። አንዲት አሮጊት ደረጃ ላይ ስትንገዳገድ ሮጦ ሲይዛት ሁሉም መረቁት። እኔ ግን ፈራሁት።

ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ አብሬው ሄድኩ። ጋሼ አልጋ ላይ ናቸው፣ ትንፋሻቸው አጥሯል። ከሾርባው ትንሽ ቀምሰው መለሱት። አምሳሉ በሞቴ አንድ ይጨምሩ እያለ ለመናቸው። ለምን እንደሚለምን አውቅ ነበር። ጋሼ እጁን ያዙት።

«ገበያው ዛሬ እንዴት ዋለ?»

«ደህና ነው ጋሼ። ትንሽ አፕ ብሏል።»

ውሸቱን ነው፤ ወርዶ ነበር የዋለው።

«እንግዲያ ልሂድ? ወይስ ትንሽ ልቆይላችሁ?»

እያሾፉ አልነበረም። እድሩን ላለማስቸገር ብለው ከልባቸው ነው የጠየቁት። ለካ እኛ ያልጠየቅነውን እሳቸውም ያን ቀን አስበውት፣ እሳቸውም በይሉኝታ ዝም ብለው ኖሯል።

አምሳሉ አልጋው ሥር ተንበርክኮ እንደ ልጅ አለቀሰ። በማግስቱ ገበያው እንደተከፈተ ለቀብር የሚበቃውን በኪሳራ ሸጠ። «ሴል አደረግኩት» አለኝ፤ ድምፁ የድሮው ድምፅ ነበር። ባሌ የተመለሰልኝ መስሎኝ እፎይ አልኩ። ጋሼ ብዙም አልቆዩ፤ ሚስታቸው መቃብር ጎን በወግ በማዕረግ ቀበርናቸው።

ከቀብሩ በኋላ ገበያው ማንሰራራት ጀመረ። ኖቬምበር ላይ የቀረው አክሲዮን ከተገዛበት በላይ ወጣ፤ እድሩም አምሳሉን ቆሞ አመሰገነው። ሰው ሲፈራ መግዛቱ ልክ ነበር አሉ። ልክ ነበር፤ እኔም አልክድም።

ባለፈው ሳምንት ብርድ መታኝ። እራት እያቀረብኩ ሳል ያዘኝና ጠረጴዛውን ተደገፍኩ። አምሳሉ ቀና ብሎ አላየኝም። መጀመሪያ ስልኩን አውጥቶ የአክሲዮኑን ዋጋ አየ፤ ከዚያ ነው «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ያለኝ።

ትኩሳቱ እያንቀጠቀጠኝ ነበር። ደህና ነኝ አልኩት።