ሻዩ ማን ናት?

ያንን ዘፈን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ገና አልተወለደም፣ ወይ ጆሮውን ሐኪም ይይለት። መሃል ላይ ሙዚቃው ጋብ ሲል አንዲት ሴት «ሻዩ! ሻዩ!» ብላ ትጮኻለች፤ አዳራሽ ሙሉ ሰውም ተከትሏት ይጮኻል። ሻዩ ዘፋኙን ጥላው የሄደች ቆንጆ ናት ተብሎ ስንት ሕፃን ስሟ ወጥቶለታል! ከልብስ ሰፊዋ ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ፀጉር ቤት እንኳ «ሻዩ» ነው የሚባለው።

ልብስ ሰፊዋ ያንን ታፔላ ባየች ቁጥር ስፌቷ ይጣመምባታል። የጮኸችው እሷ ራሷ ናታ! በወጣትነቷ ከባንዱ ጀርባ ቆማ ትቀበል ነበር። የካሴቱ ሽፋን ላይ ግን አምስት ወንዶች ተደርድረው ይስቃሉ፤ ከእሷ የገባው ክርኗ ብቻ ነው። ስሟም የትም አልተጻፈም።

«ይኸው ክርኔ» እያለች ካሴቱን ስታሳይ ዘመድ አዝማዱ ይስቅባታል። አብራት የምትሰፋው የእህቷ ልጅማ «ክርን ሁሉ አንድ ነው እኮ፣ አክስቴ» ትላታለች። ቀልድ ነው፤ ግን ያማታል። አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ «እውነትሽን ነው» መባል አምሯታል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ያኔ ሁሉም በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጊዜ ነበር የሚቀዱት፤ አንዱ ከሳተ እንደገና ከሀ ይጀመራል። ሲደጋግሙ ውለው የዘፋኙ ድምፅ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። እሷ ደግሞ ጉሮሮዋን ልታረጥብበት ያስመጣችውን ሻይ ማስቀመጫ አጥታ አምፕሊፋየሩ ላይ አኑራዋለች። ዘፋኙ እጁን ሳያወናጭፍ መዝፈን የማይሆንለት ሰው ነው። ክንዱ ብርጭቆውን ሲገፋው አየችና ሳታስበው ጮኸች። ብርጭቆው መሬት ላይ ተከሰከሰ፤ የመሰበሩ ድምፅም የከበሮ ምት መስሎ ለከበሮ መቺው ሙገሳ አስገኘለት። ቀጂው «ይሁን በቃ፣ ማን ልብ ይለዋል» አላቸው። አገር ሁሉ ልብ አለው።

እናም በቅርቡ ስለ ተረሱ የሙዚቃ ጓዳዎች የሚያወራ አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ «ሻዩ ማን ናት?» ብሎ አድማጮቹን ጠየቀ። ሻዩ ነን የሚሉ ሴቶች ስልኩን አጨናነቁት። ልብስ ሰፊዋም ደወለች።

«ሻዩ አይደለሁም፤ የጠራኋት እኔ ነኝ» አለችው።

ጋዜጠኛው በደስታ ከዘፋኙ ጋር በቀጥታ ስርጭት እንድትቀርብ ጋበዛት። ራሷ የሰፋችውን ምርጥ ቀሚስ ለብሳ፣ ለእህቷ ልጅ «ሬዲዮውን እንዳትዘጊው!» ብላ ሄደች።

ዘፋኙ ፀጉሩ ሸሽቷል፤ ወሬው ግን ያው ነው። ኮሪደሩ ላይ ሲያያት ክው አለ።

«አንቺ! አለሽ እንዴ?» ብሎ ሳማትና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «በናትሽ ጉድ እንዳታደርጊኝ። ለሻዩ ያላለቀስኩበት መድረክ የለም። የልጅ ልጆቼ እንኳ ያዝኑላታል።»

«ለብርጭቆ ሻይ?»

«ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል!»

ሳቋም እንባዋም እኩል መጣ። ሽማግሌው ሲለማመጣት አንጀቷ አልጨክን አለ። «እሺ፣ ትንፍሽ አልልም» አለችው። ያን ሁሉ ዘመን የጠበቀችው ቀን በአንድ «እሺ» ሄደ፤ ለቀሚሱ እንኳ አዘነችለት።

ስቱዲዮ ውስጥ ለእንግዶቹ ሻይ ቀረበ። ዘፋኙ ስለ ሻዩ ማውራት ጀመረ፤ ዓይኗን፣ አረማመዷን፣ የመለያየታቸውን ዕለት። «ዞር ብላ እንኳ ሳታየኝ… ሄደች!» ሲል እጁ ተወነጨፈ። ብርጭቆው በጠረጴዛው ላይ እየተንሸራተተ ወደ ማሰራጫ ማሽኑ ነጎደ።

«ሻዩ! ሻዩ!»

ያው ድምፅ፣ ያው ጩኸት። ጋዜጠኛው አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ቴክኒሻን ከወንበሩ ብድግ አለ። ብርጭቆው ማሽኑን ለጥቂት ስቶ መሬት ላይ ተከሰከሰ።

ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅርታ፣ አምልጦኝ ነው» አለችው ዘፋኙን።

ዘፋኙ የፈሰሰውን ሻይ አየ፤ እሷን አየ። ከንፈሩን ነከሰ፤ አልቻለም፣ ሳቁ አመለጠው። ሆዱን ይዞ ከሳቀ በኋላ ማይኩን ወደ ራሱ ሳበ።

«ወገኖቼ፣ ጥላኝ የሄደች ሴት የለችም። ሻዩ ሻይ ነው። ጩኸቱ ግን የዚች የእህቴ ነው። ያንን ዘፈን ዘፈን ያደረገችው እሷ ናት፤ እኔ እውነቱን ደብቄ ኖሬአለሁ።»

ስልኩ ጮኸ። የመጀመሪያዋ ደዋይ የእህቷ ልጅ ነበረች።

«አክስቴ» አለች። «ክርንሽን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ እያለቀሰች ሳቀች። ጋዜጠኛው «ለአድማጮቻችን የሚሉት ነገር ካለዎት?» ብሎ ማይኩን አስጠጋላት። ለዚህ ቀን ስንት ንግግር አዘጋጅታ ነበር፤ ሁሉም ከአእምሮዋ ጠፋ።

«ያ ሻይ የኔ ነበር» አለች። «ሳልጠጣው ነው የቀረሁት።»

ቴክኒሻኑ ትኩስ ሻይ ይዞላት ገባ። ዘፋኙ ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ ጠጥታ እስክትጨርስ ጠበቃት።