የሀምዳን ቬንትሌተር

አሚናት የኤሌክትሪክ ሙያ ተምራ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ግን መብራት የተበላሸበት ሰው ሁሉ ወንድ ጠጋኝ ነው የሚፈልገው። እሷ ጋ የሚመጣው የስልክ ቻርጀር ብቻ ነበር። ስለዚህ ከእናቷ ከሀፊዛ ጋር አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ባለችው ማሳቸው የጥብስ ቅጠል ትኮተኩታለች፣ ታጭዳለች፣ ታደርቃለች።

ማጨዱስ ቀላል ነው። የደሴው ነጋዴ ሙላት ግን የሚረከበው ቅጠሉን ብቻ ነው፤ አንዲት ዘንግ ካገኘ ጆንያውን እንዳለ ይመልሰዋል። ቅጠሉን ከዘንጉ የምትሸመጥጠው ደግሞ ሀፊዛ ነበረች፤ ዓመቱን ሙሉ፣ በጣቶቿ።

አንድ ቀን አሚናት ከማሳ ስትመለስ እናቷ የፔርሙዝ ክዳን መክፈት አቅቷት በጥርሷ ስትታገል ደረሰች።

"እማዬ፣ እስቲ እጅሽን አሳይኝ።"

"ብርድ ነው፤ አብሽሪ፣ ይለቀኛል።"

ብርድ አልነበረም። የጣቶቿ መጋጠሚያ አብጦ ቀልቷል። በዚያው ሳምንት ሙላት ደውሎ እስከ ቅዳሜ ስድስት ጆንያ እንደሚፈልግ ተናገረ። ሀፊዛ "ኢንሻአላህ ይደርሳል" ብላ ስልኩን ዘጋች። አሚናት የእናቷን እጅ አየችና ነጠላዋን አንስታ ወደ አጎቷ ቤት ሄደች።

አጎቷ ሀምዳን የሀፊዛ ታላቅ ወንድም ነው። ከኮምቦልቻ ገዝቶ ያመጣው አንድ ቬንትሌተር አለው። የሐይቁ ነፋስ ለሰፈሩ ሁሉ ይበቃል፤ ሀምዳን ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ይከፍተዋል። እንግዳው ጋቢውን ቢከናነብም አያጠፋውም።

"አጎቴ፣ ቬንትሌተሩን ይስጡኝ" አለችው።

"ሞቀሽ እንዴ?"

"አልሞቀኝም። ልፈታው ነው።"

ሀምዳን እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "ወላሂ ይቺ ልጅ! ደህናውን ዕቃ ምን በደለሽ?"

የእናቷን እጅ ነገር ነገረችው፤ ቅጠል የሚሸመጥጥ ማሽን ልትሠራበት እንዳሰበችም አስረዳችው። ሳቁን አቆመ። ተነስቶ ሶኬቱን ራሱ ነቀለ፣ ሽቦውን በጥንቃቄ ጠቅልሎ አሳቀፋት። "ሀፊዛ እኮ ልጆች ሆነን እሾህ ሲወጋኝ የምትነቅልልኝ እሷ ነበረች" አለ።

አሚናት ማራገቢያውን በጀርባው አስተኛችው። የፕላስቲክ ክንፉን አውጥታ፣ የሳፋ ቂጥ በስታ በሞተሩ ዘንግ ላይ አጠለቀችው። ከጣሳ ክዳን አራት ስለት ቆርጣ በክንፉ ምትክ ገጠመች። ሀምዳን ሥራውን ሊመርቅ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ መጣ። ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ "በይ ቢስሚላህ!" አላት።

ስትከፍተው ሳፋው አገሳ። ቅጠሉ፣ ዘንጉ፣ አቧራው ተፈጭቶ ወደ ላይ ተተፋ፤ የሀምዳን ጢምና ጀለቢያ በአንድ ጊዜ አረንጓዴ ሆነ። እሱ ገና እያስነጠሰ ሳለ አንዱ ስለት ተነቅሎ በጆሮው አጠገብ አለፈና የበሩ መቃን ላይ ተሰካ።

አሚናት ሶኬቱን ነቀለች።

"ይሄ ሰው ይገድላል" አለች ሀፊዛ። "መልሰሽ ግጠሚለት። እኔ በእጄ እሸመጥጣለሁ።"

አሚናት ስለቶቹን ፈታች። ሁለት ቀን ሙሉ ሳፋውን ዞራ አላየችውም። ከእናቷ ጎን ተቀምጣ በጣቷ ስትሸመጥጥ ዋለች፤ በሁለት ቀን አንድ ጆንያ እንኳ አልሞላም።

በሦስተኛው ቀን ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚያጠምደው ጎረቤታቸው ጠሃ የባትሪውን መብራት ሊያሠራ መጣ። ባትሪውን ሲያቀብላት ሌባ ጣቱ በጨርቅ ታስሯል።

"ምን ሆንክ?"

"የመንጠቆው ናይለን ክር ነው። ትልቅ ዓሣ ሲስበው እንደ ምላጭ ይቆርጣል።"

አሚናት ባትሪውን አስቀመጠች። "ጠሃ፣ ሁለት ክንድ ናይለን ትሰጠኛለህ?"

ከወፍራሙ ናይለን ቆርጣ በሞተሩ ዘንግ ላይ አሰረች። ቢበጠስም እንደ ጣሳ ተወርውሮ ሰው አይወጋም። ከላይ፣ የማንም ጣት እንዳይገባ፣ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ከሳፋው አፍ ጋር አጥብቃ ጠረነፈች። ፍጥነቱንም በዝቅተኛው ላይ አደረገችው። ሀምዳን ዘንድሮ ጀለቢያ የሚለብሰው ለጁምዓ ብቻ ነው ብሎ በአሮጌ ካፖርት መጣ፤ የተቀመጠውም ከበሩ ውጭ ነው።

አንድ ጭብጥ የደረቀ የጥብስ ቅጠል ከነዘንጉ ወንፊቱ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ አሸችው። ቅጠሉ በቀዳዳው ሾልኮ ሲወርድ ናይለኑ ይቀጥፈዋል፤ ዘንጉ ግን ወፍራም ስለሆነ ከላይ ቀረ። ከሳፋው ውስጥ የሚሰማው የካፊያ ዓይነት ድምፅ ብቻ ነበር። አጥፍታ፣ ሶኬቱን ነቅላ ወንፊቱን አነሳች። ሀፊዛ እጇን ሰድዳ ዘገነች፤ አንድም ዘንግ የለበትም።

"ማሻአላህ!" አለችና ልጇን በትከሻዋ ገፋ አደረገቻት። "ተነሺ፣ ቦታውን ልቀቂልኝ።"

ሐሙስ ጠዋት ግን መብራት ጠፋ። ቀትር አልፎም አልመጣም። ሀምዳን በየአምስት ደቂቃው ማብሪያውን እየነካ "የቬንትሌተሬን ዕድል አየሽ?" ይላል። ከዓሱር ሶላት በኋላ መብራቱ ሲመጣ የሰፈሩ ልጆች ጮኹ፤ ሀፊዛም አብራ ጮኸች። የዚያን ቀን እስከ ማታ፣ አርብንም ሙሉ ከወንፊቱ ፊት አልተነሳችም፤ አሚናት የምትሞላላትን ቅጠል እያሸች "አምጪ እንጂ!" ትላታለች።

ቅዳሜ ሙላት መጣ። እንደ ልማዱ ክንዱን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ከተተ፤ ቅጠሉን ዘግኖ አውጥቶ በመዳፉ ላይ በተነው፤ ሌላውንም ፈታ። ስድስቱንም ፈትሾ ቀና አለ።

"ይሄን ያጸዳው ማነው?"

"ቬንትሌተር" አለ ሀምዳን፣ ኮራ ብሎ።

ሙላት ቀልድ መስሎት ሳቀ። ማሽኑን ሲያሳዩት ግን ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው፤ በሚቀጥለው ወር ስምንት ጆንያ እንደሚወስድ ነግሯቸው ሄደ።

ወሬውን ደሴ ድረስ፣ ከዚያም ውጫሌ ያደረሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሺሀረግ የምትባል የውጫሌ ገበሬ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ቬንትሌተር ታቅፋ ከአውቶቡስ ወረደች። "የኤሌክትሪክ ባለሙያዋ ቤት የት ነው?" ብላ ስትጠይቅ የሰፈሩ ሰው ያለማመንታት ወደ አሚናት በር ጠቆማት።

"የኔ በሶብላ ነው፤ ቅጠሉ ለስላሳ ነው። ይሆንልኛል እናቴ?" አለቻት።

አሚናት ብርድ ልብሱን ፈታች፤ ካቻቢቴዋን ከኪሷ አወጣች።

"ይቀመጡ እትዬ። በሶብላውንስ ይዘውት መጥተዋል?"