የፕሬዚዳንቱ ቤት ጉልቻ

መንጌ አፋፍ ላይ ያለችው የቀርከሃ ጎጆ ሰሌዳው እስኪመጣ ድረስ የኸድራ ነበረች። ታናሽ ወንድሟ ረመዳን አዲሱ ክልል እንደተቋቋመ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሠርቶ፣ ሥልጣኑን በሰላም አስረክቦ አሶሳ ተቀምጧል። የተወለደባትን ቤት ጠብቃ፣ እሳቷን አንድም ቀን ሳታጠፋ የኖረችው ግን እሷ ናት።

አንድ ቀን አንለይ የሚባል የቅርስ ባለሙያ ሰሌዳ አሸክሞ መጣ። የጎጃም ሰው ነው፤ ትሑት፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ የገባ።

«እማማ ኸድራ፣ ቤትዎ ቅርስ ሆነ! ደስ ይበልዎ!»

«ደስ ብሎኛል። ቅርስ ሲሆን ምን ይሆናል?»

አንለይ አንገቱን ደፋ። «ሰው አያድርበትም። እሳትም አይነድበትም፤ ቢቃጠልስ? የእህትዎ ልጅ ቤት እዚሁ ጎረቤት ነው፤ እርስዎ እዚያ ቢያድሩ...»

«ወንድሜ ያውቃል?»

«ቤቱ ይጠበቅ ብለው ፈርመዋል።»

ይቺ ቃል ኸድራን ወጋቻት። «ልጄ፣ እሳት ያጣ ቤት ይሞታል» ብቻ አለችው። እሱም ፈገግ አለና «ማደርና እሳት ማንደድ ክልክል ነው» የሚል መስመር ያለበትን ሰሌዳ ተከለ። አብረውት የመጡት ሠራተኞች ጥላሸት የጠገቡትን ሦስት ጉልቻዎች ወደ ውጭ ሲወረውሯቸው፣ አንድ በአንድ አንስታ ወደ እህቷ ልጅ ወደ ቡሴ ቤት ወሰደቻቸው።

ቡሴ ሳቀችባት። «አክስቴ፣ መንጌ ድንጋይ አጥቶ ነው?»

«እናቴ ረመዳንን በጀርባዋ አዝላ ከወንዝ ያመጣቻቸው ናቸው። ዝም በይና ቦታ ስጪኝ!»

ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። ረመዳን ቤቱን ሊመርቅ በሚመጣበት ሳምንት አንለይ ቁልፉን ከፍቶ ገባና ጮኸ። ከግድግዳው ነጭ ብናኝ እንደ ዱቄት ይወርዳል፤ ቀርከሃውን ነቀዝ በልቶት በጣት ሲነኩት ይሰበራል። ጣሪያውም አጋድሏል።

«እማማ፣ ጉድ ሆንሁ! ፕሬዚዳንቱ የተወለዱበት ቀርከሃ አለቀ!»

ኸድራ ልትቆጣው አስባ ነበር። ፊቱን ስታይ ግን አሳዘናት።

«የትኛው የተወለደበት? ወላሂ፣ ይህ ግድግዳ ከዚያ ወዲህ ስምንቴ ተቀይሯል። ቀርከሃ ጭስ ካልጠጣ ነቀዝ ይበላዋል። ጭስም ጠጥቶ ዕድሜው ሲደርስ ሰፈሩ ወጥቶ ይቀይረዋል። እኛ ቤት የምንጠብቀው እንዲህ ነው።»

«ታዲያ ከድሮው ምኑ ቀረ?»

«ቡሴ ቤት አለ። ና ተሸከም።»

በማግስቱ ሰፈሩ ተጠራራ። ወንዱ ቀርከሃ ቆረጠ፣ ሴቱ ሣር አመጣ። አንለይ ጉልቻ ተሸክሞ ሲንገዳገድ፣ «ያዙት፣ ቅርሱ ወደቀ!» እያሉ አላገጡበት። በሦስተኛው ቀን ጎጆዋ ቆመች። ኸድራ ጉልቻዎቹን በየቦታቸው ጎልታ እሳት ለኮሰች፤ የባሚያ ወጥም ጣደች።

ሐሙስ ዕለት ረመዳን ጎንበስ ብሎ ገባ። ጭሱ ዓይኑን እያስነባው ዙሪያውን ቃኘ።

«አልጋሽስ?»

«ቡሴ ቤት። ፈርመህ አስወጣኸኝ አይደል?»

ክው አለ። «ቤቱ እንዲጠበቅ ነው የፈረምሁት፣ እህቴ። ማን ውጪ አለሽ?»

«እሱን ለሰሌዳው ንገረው።»

አንለይ እስኪነገረው አልጠበቀም። ብሩሽ ይዞ ወጣና «ማደርና እሳት ማንደድ ክልክል ነው» የሚለውን መስመር በቀለም ደፈነው። ከዚያ የቀድሞው ፕሬዚዳንትና የቅርስ ባለሙያው የጠፍር አልጋዋን ግራና ቀኝ ይዘው ከቡሴ ቤት ሲያመጡ መንጌ ሁሉ አየ። ኸድራ ግን ቆማ አላየቻቸውም፤ ወጡ እንዳያርባት ቀድማ ገብታለች።