በጓን የሚወስድ ሰው

እኔ የላቦራቶሪ እንስሳት ተንከባካቢ ነኝ። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ላቦራቶሪ ውስጥ ነው» ብዬ አልፋለሁ። ባለቤቴ ግን «በግ ጠባቂ ነው» ብላ ትገላግለዋለች። ውሸት የለበትም። ጥንቸሎቹንና አይጦቹን ባበላም፣ ኬጃቸውን ባጥብም፣ ልቤ ያለው ከጓሮው ጋጣ፣ እሜቴ ዘንድ ነው።

እሜቴ ደም ሰጪ በግ ናት። ላቦራቶሪው ውስጥ ጀርም የሚያሳድጉበት ሳህን አለ። ጀርሙ ደግሞ እንደ ሀብታም ልጅ ምግብ ይመርጣል፤ የበግ ደም ካልተቀላቀለበት አላድግም ይላል። ስለዚህ በየጊዜው ነጭ ጋዋኔን ለብሼ እገባለሁ፣ ከአንገቷ በመርፌ ትንሽ ደም እንቀዳለን፣ እሷም ካሮቷን ትበላለች። ከዚህ ሌላ ሥራ የለባትም። ከመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ስብሰባ የማትጠራው እሷ ብቻ ናት።

ዘንድሮ አረጀች። የደም ሥሯ መርፌ እምቢ አለ። አለቃችን ዶክተሯ ጠርታ ደንቡን ነገረችኝ። ያገለገለ እንስሳ አይሸጥም፣ አይታረድም። ዕድሜዋን እስክትጨርስ የሚያኖራት ቤት ከተገኘ ትሰጣለች፤ እስከ ዓርብ ካልተገኘ በመርፌ እንድታሸልብ ይደረጋል። ያሳደግካት አንተ ስለሆንክ የሚወስዳትን ሰው አንተው ምረጥ አለችኝ። እኔ ራሴ እንዳልወስዳት የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አከራያችን ደግሞ የልጄን ሳል እንኳ በጥርጣሬ ነው የምታዳምጠው።

ወሳጅ ይጠፋል ብዬ ነበር የሰጋሁት። ወሬው በወጣ በማግስቱ በሩ ላይ ሰልፍ ሆነ። ይህን ያህል እንስሳ ወዳድ በሆነ ሕዝብ መሀል እንደምኖር አላውቅም ነበር።

ሁሉንም በየተራ ጋጣው ውስጥ አስገባቸውና ዘወር ብዬ በመስኮት እጃቸውን አያለሁ። አፍ የፈለገውን ይናገራል፣ እጅ ግን የሚሄድበትን ያውቃል። ጥበቃው ለልጆቼ ማጫወቻ ትሆናለች አለ፤ እጁ ጎኗ ላይ ሄዶ የጎድን አጥንቷን መዳበስ ጀመረ። የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ ብቸኝነቱ ከብዶኛል አለች፤ ላቷን ከሥር አንስታ መዘነችው። የባለቤቴ ወንድም የባሰ ነበር። እንደ እህቴ ነው የማያት እያለ ጀርባዋን ሲጫን ምራቁን ሲውጥ ሰማሁት። እህቱ ባለቤቴ ስለሆነች ነገሩን ወደ ልቤ አስገባሁት።

ሐሙስ ባለሥጋ ቤቱ መጣ። ግቢው ውስጥ ለሚታከሙ ውሾች አጥንት የሚያመጣልን እሱ ነው፤ ሁልጊዜ በር ላይ አስረክቦ ይመለሳል። ያን ዕለት በሩ ላይ ተረካቢ ስላጣ ከረጢቱን ይዞ እስከ ጋጣው ድረስ ገባ። በቀጥታ ከሱቁ ስለመጣ ነጭ ጋዋኑን አላወለቀም።

ለእሜቴ ነጭ ጋዋን ማለት ካሮት ነው፤ ማን እንደለበሰው አትመረምርም። ተነሥታ ሄደች፣ ጎኗን ከጉልበቱ አስጠጋች፣ ቀና ብላ አንገቷን ሰጠችው።

ከረጢቱ ከእጁ ወደቀ። ምን እያደረገች ነው ብሎ ጠየቀኝ፣ ሰው የተኛበት ክፍል እንደገባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የደሙን ነገር ነገርኩት። አንገቷ እንደተዘረጋ ነው፤ እሱም እንደቆመ ነው።

«ስንት ዘመን ሠራሁ» አለ። «ጎትቼ፣ ጠልፌ ጥዬ ነው። ወዳ የሰጠችኝ አንዲት የለችም።»

እጁን አየሁ። አየር ላይ ትንሽ ተንሳፈፈና ግንባሯ ላይ አረፈ። እዚያው ቆየ።

«እኔ ልውሰዳት» አለ።

«ጋሼ፣ አንተ? ለጅብ ሥጋ አደራ ሰጠ ሊሉኝ?»

«ጅብ የሚፈራው ሲርበው ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ሥጋ ሳይ ውዬ ማታ ጎመን ነው የምበላው። እስቲ እነዚያን የተሰለፉትን ጠይቃቸው፣ ሥጋ ከቀመሱ ስንት ጊዜያቸው ነው?»

እስከ ነገ ጊዜ ስጠኝ አልኩት።

ማታ ቤት ስደርስ አማቴ ቀድማኝ ደውላ ነበር። ለሥጋ ዘመዱ ነፍጎ ለሥጋ ሻጭ ሊሰጥ ነው የሚባለው እውነት ነው ወይ ብላ ለልጇ ጥያቄ ትታለች። ባለቤቴ ዕቃ እያጠበች ነበር፤ ዞር ሳትል ተናገረች።

«ወንድሜ ከወሰዳት እሑድ ምሳ ተጠርተናል ማለት ነው። አውቀዋለሁ።»

«ባለሥጋ ቤቱስ?»

«እሱ ቢያንስ ሲያርድ አርዳለሁ ብሎ ነው የሚያርደው።»

ዓርብ ሰጠሁት። ዶክተሯ የወሳጁን ሥራ ስነግራት መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ ድገምልኝ አለችኝ፣ ደገምኩላት። ከዚያ ኃላፊነቱ የአንተ ነው አለች። ይህንማ ሳትነግረኝም አውቀዋለሁ፤ ሌሊቱን እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት በሥጋ ቤቱ በር ሳላልፍ ሥራ አልገባም። የተሰቀለውን ሁሉ አንድ በአንድ አያለሁ። ፊት የለው፣ በምን ይለያል? ባለሥጋ ቤቱ ቢላውን እየሳለ፣ ቀና ሳይል፣ ደህና ናት ይለኛል። ዝም ብዬ መሄዱ ስለሚያሳፍረኝ ግማሽ ኪሎ እገዛለሁ። ቤታችን እንደዚያ ሳምንት ሥጋ ተበልቶበት አያውቅም። አማቴም ለጊዜው ታረቀችን።

በሳምንቱ እሑድ መኖሪያ ቤቱ ሄድኩ። ጓሮው ሰፊ ነው፣ ሣር አለው። ሚስቱ ልብስ ታሰጣለች፤ እሜቴ ከሥር ከሥሯ እየሄደች የአንሶላውን ጫፍ ትበላለች። ወፍራለች። ባለሥጋ ቤቱ በሸሚዝ ወጣ። አንድ ቀን ጋዋኑን እንደለበሰ ቢገባ አንገቷን ዘርግታ ጠበቀችው። ከዚያ ወዲህ ጋዋኑ ከሱቅ እንደማይወጣ ነገረኝ። ይህን ሲነግረኝ የሚያየው አጥሩን ነበር።

አጥሩ ላይ ደግሞ የጎረቤት ራስ ብቅ አለ። ሰላምታውን ከእኛ ጋር ተለዋወጠ፣ ዓይኑን ግን ላቷ ላይ አሳረፈ።

«ደርሳለች እኮ» አለ። «መቼ ነው ታዲያ?»

ሚስቲቱ የልብስ መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች።

«ባለቤቴ ሥራውን ይዞ ቤት አይገባም» አለችው።

ጎረቤቱ የሚስቅ ካለ ብሎ ጠበቀ። የሚስቅ ሲያጣ ራሱን ይዞ ወረደ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። የበጓ ጸጉር ረዝሟል፣ ሙቀቱ ያስቸግራታል፣ መሸለት ትችላለህ ወይ አለችኝ። ሸልቼ እንደማላውቅ፣ መያዝ ግን እንደምችል ነገርኳት። ባልየው እኔ እሞክራለሁ ብሎ መቀስ ፍለጋ ወደ ቤት ገባ።

«መቀስ ነው ያልከው፣ ቢላ ይዘህ እንዳትወጣ» ብላ ከኋላው ተጣራች።

እኔ ሣሩ ላይ ተንበርክኬ እሜቴን ያዝኳት።