የሀዋታው ትንፋሽ

ባሌ ባንታምላክ ዋሽንት ሲነፋ ሰምታ የማታውቅ ሴት በትዳሬ ባትገባ ደስ ይለኛል። «ይኼን ዝምተኛ ምን አይተሽ አገባሽው?» የሚሉኝ አሉ። እኔ ወርቅውሃ ያገባሁት ድምፁን ነው። ሱዳን ውስጥ፣ ሀዋታ በሚባል አገር ሰሊጥ አጨዳ ላይ እኔ የአጫጆቹ ወጥ ሠሪ ነበርሁ፤ እሱ ደግሞ ከመተማ የመጣ አጫጅ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነዶው ሥር ቁጭ ብሎ ሲነፋ፣ ያ ወፍራም ድምፅ ከመሬቱ ውስጥ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ስንቱን ወጥ አሳረርሁበት መሰላችሁ! አጫጆቹም ሲያዳምጡ ረሃባቸውን ይረሱት ስለነበር አንድ ቀን እንኳ አልተቆጡኝም።

ያን ድምፅ ታዲያ ዝም ብሎ አላገኘውም። ያስተማረው እዚያው አብሮት የሚያጭድ አስናቀው የሚባል ሽማግሌ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ባንታምላክን በጀርባው ያስተኛውና ሆዱ ላይ የሰሊጥ ነዶ ይጭንበታል። ነዶው በትንፋሹ ከፍ ዝቅ ካላለ ዋሽንት አያስነካውም። «በደረትህ ብቻ የምትተነፍስ ከሆነ ፉጨት ይበቃሃል» ይለው ነበር። እኔ ቂሏ ከወጥ ድስቴ አጠገብ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ።

ገዳሪፍ ከተማ ከገባን ወዲህ ባንታምላክ ገበያ ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ፤ እዚህ ዓታላ ነው የሚሏቸው። ድምፁም ከዓመት ዓመት ቀጠነ። መጀመሪያ ረዥሙን ዜማ ሳይጨርስ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር፤ ኋላ ከዋሽንቱ የሚወጣው ፉጨት ብቻ ሆነ። የሰሊጥ አቧራ ሳንባዬን በላው አለ። ሐኪም ዘንድ ወሰድሁት፤ ሳንባህ ደህና ነው ቢሉትም አላመናቸውም። ዋሽንቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ግድግዳ ላይ ሰቀለውና ተወው። እኔ ደግሞ ጭር ያለ ቤት አልወድም።

ዘንድሮ ልጃችን እየሩስ ልታገባ ሆነ። እዚሁ ያደገች ናት፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በአረብኛ ነው የምታወራው፤ አባቷንም «ያባ» ነው የምትለው። በሕፃንነቷ እንቅልፍ የሚወስዳት በአባቷ ዋሽንት ነበር። ሙሽራው ድምፅ ማጉያ ተከራይቻለሁ ቢላት፣ «ያባ ካልነፋልኝ ከቤት አልወጣም፣ ኸላስ፣ በቃ!» ብላ ቁጭ አለች። ባንታምላክ ይኼን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«በፉጨት ልሸኛት?» አለኝ። አንጀቴን በላው።

ጁምዓ ገበያው ዝግ ነው። ከረጢት ሙሉ ሰሊጥ አመጣሁና አንገረቡ ላይ፣ የገመድ አልጋችን ላይ፣ ተኛ አልሁት። እንደ አስናቀው ሆዱ ላይ ጫንሁበት። ሲተነፍስ ደረቱ ብድግ ይላል፤ ከረጢቱ ግን ንቅንቅ የለም። ምን ነካው ብዬ እጄን በጀላቢያው ሥር ብልክ፣ ያ ተሸካሚዎች ጆንያ ሲያነሱ ወገባቸውን የሚያስሩበት ሰፊ መታጠቂያ! መታጠቁን አጥቼው አይደለም፤ ስንት ዓመት ሙሉ ሳየው የገላው ያህል ሆኖብኝ ልብ አላልሁትም እንጂ። ያለሱ ወገቡ ስለማይቆምለት ቤትም አይፈታው፣ ሲነፋም አይፈታው።

«አንተ ሰውዬ» አልሁት፣ «ሆድህን እንዲህ ጠፍረህ ትንፋሹ የት ይግባ?»

ብንፈታውም ወዲያው አልሆነም፤ ሆዱ መተንፈስ ረስቷል። በየማለዳው ሥራ ሳይሄድ ከረጢቱን እጭንበታለሁ፤ ቀስ ብሎ ያስገባል፣ ቀስ ብሎ ያወጣል። ጎረቤት አበዱ ይላል፤ ይበል። አንድ ጠዋት ከረጢቱ ብድግ አለ። ዋሽንቱን አውርጄ ሰጠሁትና እንደተኛ ነፋው። ወፍራም! እንባዬን እንዳያይ ወደ ማድ ቤት ሮጥሁ። ችግሩ መታጠቂያውን ፈትቶ መቆም አለመቻሉ ነው። ተቀምጠህ ንፋ ብለው፣ ልጄን ተቀምጬ አልሸኝም ብሎ ድርቅ አለ።

የሠርጉ ዕለት ታጥቆ በሩ ላይ ቆመና ነፋ። ፉጨት ሆነ። እየሩስ አንገቷን ደፋች። ባንታምላክ ዋሽንቱን በብብቱ ይዞ መታጠቂያውን በሰው ፊት ፈታው፤ ወዲያው ወገቡ ከዳው። እኔ የሙሽራዪቱ እናት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ የሙሽራው ቤተሰብ እያየኝ ከኋላው ሄድሁና ወገቡን በሁለት እጄ ያዝሁት፤ ትከሻዬንም ጀርባው ላይ አስደገፍሁ።

«ንፋ» አልሁት።

ሆዱ በመዳፌ ውስጥ ሲሞላ ተሰማኝ። ከዚያ ያ የሀዋታ ድምፅ ወጣ፣ ያ ወጥ ያሳረርሁበት። እየሩስ እያለቀሰች በአጠገባችን አልፋ ወጣች። የሙሽራው ቤተሰብ ምን እንዳሉ እንጃ። እኔ ዜማው እስኪያልቅ ወገቡን አልለቀቅሁም።