ከዓሣው ሥር ያገኘሁት መከዳ

ነይ ልጄ፣ እዚህ መከዳው ላይ ተቀመጪ፤ ጀርባሽን ወደ እኔ አድርጊ። ቢቆረቁርሽ አትቀየሚኝ፣ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሹሩባው እስኪያልቅ ጊዜ አለን፤ እንዴት እንዲህ እንደ ሆነ ላጫውትሽ።

ካዛንቺስ ሳይፈርስ ከሰብሊ ጋር ነበር የምሠራው፤ ያቺ ቀጭኗ ባለ ፀጉር ቤት። ቤቱን የተከራየችው እሷ ናት፤ ፀጉር ማድረቂያ ካስኩም መተኮሻ ፔስትራውም የእሷ ነው። እኔ ከመስኮቱ ሥር አንድ ጥግ ነበረችኝ፤ አንድ ዱካና አንድ መከዳ። ዱካዋ ላይ እኔ፣ መከዳው ላይ ባለ ፀጉሯ። ንብረቴ ይኸው ነበር። መከዳውን ቀይ ሌዘር አልብሼ፣ ስፖንጅ ሞልቼ በእጄ ነው የሰፋሁት፤ እናትና ልጅ ጎን ለጎን እንዲቀመጡበት ብዬ ረዘም አደረግሁት። ይቺን አረንጓዴ እራፊ አየሻት? ሰብሊ ገና ሥራ ስትለምድ ትኩስ ፔስትራ ጥላ ያቃጠለችው ቦታ ነው። ያን ቀን አልቅሳ ልትሞት ነበር፤ እኔ ነኝ ያባበልኳት። ፀጉር መክፈልም ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

ሰፈሩ ሲፈርስ ሰብሊ ደምበል አካባቢ ቤት አገኘች። ዕቃው አይሱዙ ላይ ሲጫን መከዳዬን አቅፌ ቆሜ ነበር። ከእጄ ተቀበለችኝ።

«እትዬ አስቻለች፣ ይስጡኝ። የእርስዎ ጥግ ናት መጀመሪያ የምትሰናዳው» አለችኝ።

አመንኳት። ለምን አላምናት? ደንበኞቼን ሁሉ «ደምበል ኑ» አልኳቸው። ግን ስደውልላት አንዴ «ቀለሙ ይድረቅ» ትለኛለች፣ ሌላ ጊዜ «መብራት ሠሪዎቹ አልጨረሱም።» እኔ እዚሁ ቂርቆስ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ጣቶቼ ሥራ ሲፈቱ የጋቢዬን ዘርፍ ስጎነጉን እውላለሁ።

አንድ ቀን ራሷ ደወለች።

«እትዬ፣ አኳሪየም፣ የዓሣ መስታወት ልገዛ ነው! በቃ፣ የደንበኛ ዓይን ማረፊያ። ከመስታወቱና ከመቆሚያው መሐል የሚነጠፍ ነገር ያስፈልጋል አሉኝ። እርስዎ ይምረጡልኝ፣ እጅዎ ያውቅበታል።»

ደስ አለኝ፣ ምን ልበልሽ። ምረጪ ያሉት ሰው የቤቱ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ።

ወዲያው ጎረቤቴ ካሳይ ዘንድ ሄድኩ፤ መስታወት ቆራጭ ነው።

«ካሳይ፣ ዓሣ ምን ላይ ይተኛል?»

«ዓሣውማ ውሃ ውስጥ ነው የሚተኛው፣ እትዬ» ብሎ ሳቀብኝ። ቀጥሎ ግን እንደ ቁም ነገረኛ አስረዳኝ። «መስታወት ጉርብጥብጥ አይወድም። ጣውላው ላይ አንዲት ጠጠር ብትኖር፣ ውሃው ሲሞላበት ትሰነጥቀዋለች።»

«ታዲያ የፍራሽ ስፖንጅ ላንጥፍለት?»

«እሱማ ይብሳል! በአንድ በኩል ይሰምጥና ያጋድለዋል። ጠንከር ብሎ እኩል የሚሸከም ነገር ይፈልጉ።»

ስታዲየም ወረድኩ። የስፖርት ዕቃ የሚሸጡት ዘንድ እየዞርኩ ምንጣፉን ሁሉ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። አንዱ እንደ ሊጥ ይሰምጣል፣ አንዱ ድንጋይ ነው።

«እናቴ፣ ጂም ሊጀምሩ ነው እንዴ?» አለኝ ሻጩ።

«አዎ፣ ከዓሣ ጋር» አልኩት።

በመጨረሻ ግራጫውን አገኘሁ፤ ስጫነው ትንሽ እሺ ይላል፣ ስለቀው ይመለሳል። ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ፣ ላስደስታት ብዬ ሳልደውል ደምበል ሄድኩ።

በሩን ከፍቼ ስገባ አኳሪየሙ ቆሟል። ውሃውም ሞልቷል፣ ብርቱካናማዎቹ ዓሦች ይዋኛሉ። ያለውም ከመስኮቱ ሥር ነው፣ የእኔ በተባለችው ጥግ። ምን አንጥፈውለት ይሆን ብዬ ጎንበስ አልኩ። ከመስታወቱ ሥር ቀይ ሌዘር ወጣ ብሎ ይታያል። ጫፉ ላይ ይቺ አረንጓዴ እራፊ።

«ሰብሊ፣ መከዳዬ ነው?»

«ውይ እትዬ! መጡ እንዴ? ማለቴ... ሰዎቹ ሳልጠብቃቸው ይዘውት ከች አሉ፣ በእጄ ሌላ ለስላሳ ነገር ጠፋ።»

«የምታስመርጪኝ ታዲያ ለምን ነበር?»

«ያው... ቅር እንዳይልዎ ብዬ ነው እኮ።»

«እሺ፣ ባለ ፀጉሮቼስ ምን ላይ ይቀመጡልኝ?»

ሰብሊ ፎጣ ማጠፍ ያዘች። ከፀጉር መሥሪያው መስታወት ፊት የቆመች አንዲት ወጣት፣ ሊዲያ ነው ስሟ፣ ምንም ሳታውቅ መለሰችልኝ። «ሹሩባ አሁን ወንበር ላይ ነው የምንሠራው፣ እናቴ። እኔ ነኝ የምሠራው፤ ልሥራልዎት?»

ሰብሊ መሬት መሬት አየች። «ደንበኞቹ ዝቅ ብሎ መቀመጥ አይወዱም፣ እትዬ። ልነግርዎት ነበር።»

«መቼ?»

«ከቤቱ ምረቃ በኋላ።»

«ዓሣው ቀድሞኝ ተቀጠረ በይኛ!» አልኳት። ሊዲያ ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ አቆመች።

መከዳዬን እንደገና ላየው ጎንበስ አልኩ። መስታወቱን ይዤ ቀና ስል ነው ውሃውን ያየሁት። ከመስታወቱ አፍ ጋር እኩል አይደለም፤ በአንድ በኩል ዝቅ ብሏል። ስንት ሰው የተቀመጠበት መከዳ ነው፣ መሐሉ ጎድጉዷል፤ የካሳይ ቃል ትዝ አለኝ።

«ውሃውን ቅዱት» አልኩ።

«እትዬ፣ ነገ እኮ ምረቃ ነው!»

«ውሃውን እዪው። ነገ እንግዶችሽ እግር ላይ ይፈሳል። ቅጂውና መከዳዬን አውጪልኝ።»

አየችው፣ ደነገጠች። ዓሦቹ ሳፋ ውስጥ ገቡ፣ ውሃው በባልዲ ተቀዳ፣ ሊዲያና እሷ መስታወቱን አነሱት። መቆሚያውን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁና ግራጫውን ምንጣፍ አነጠፍኩት። ለምን አነጠፍሽላት ትዪኝ ይሆናል። ዓሣው ምን አደረገኝ?

መከዳዬን አቅፌ ስወጣ ሰብሊ በሩ ድረስ ተከተለችኝ።

«እትዬ፣ ተቀየሙኝ?»

«አዎ፣ ተቀይሜሻለሁ» አልኳት። የቂርቆስ ታክሲ ውስጥ ግን እንባዬ መከዳው ላይ ወረደ፤ ረዳቱም አይቶ እንዳላየ ሆነልኝ።

ይኸው፣ ስፖንጁ በውሃው ክብደት ተደፍጥጦ ቀረ፤ ፀሐይ ላይ ባሰጣውም አልተነሣም። ደንበኞቼ እየጠየቁ እዚህ ቤቴ መጡልኝ፣ አንቺም መጣሽ፣ ተመስገን። ሰብሊ ግን እስከ ዛሬ አልመጣችም። ሰው በደጄ ባለፈ ቁጥር ቀና እላለሁ።

አለቀ፣ ተነሺ። ያምርብሻል። አንዲት ነገር ብቻ አስታውሺልኝ፣ የኔ ልጅ፤ አንድ ቀን ለሰው «ቦታ አለህ» ብለሽ ቦታው ቢጠፋብሽ፣ ሄደሽ በአፍሽ ንገሪው። እንደ እኔ ጎንበስ ብሎ እንዲያገኘው አትተዪው።