አበባ የሌለበት ቤት

ሰውየው ግራ ገብቶታል። ግራ መግባት ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ነገሩ ሁሉ ዞሮበታል። ቤቱ ውስጥ አንዲት ቅጠል የለችም፤ ድመቷ ግን መርዛም ቅጠል እንደበላች ድመት ሆናለች። ታስመልሳለች፣ ምግብ ሲያቀርብላት ፊቷን ታዞራለች፣ ጥግ ይዛ ትኮራመታለች።

ድመቷ ደግሞ የእትዬ ናት። እትዬ ማለት እናታቸው ከሞተች ወዲህ እሱን አብልታ አልብሳ ሰው ያደረገች ታላቅ እህቱ ናት። አሁን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሆስፒታል ተኝታለች። ስትገባ አደራ ያለችው ስለ ሌላ አይደለም። "እሜቴን አደራ! ቤትህ ያለውን አበባ ሁሉ አውጣልኝ፤ ለድመት መርዝ ነው።" እሜቴ የምትላት ድመቷን ነው። ከእሱና ከዚያች ድመት በቀር ማንም የላትም፤ እንግዲህ አስቡት።

እሱም አደራ አይበላም። የሳሎኑን ባለ ሰፊ ቅጠል ተክል ለዘበኛው ሰጠ፤ የመስኮቱን እሬት ነቅሎ ጣለ። ምን ይታወቃል ብሎ ቴሌቪዥኑ አጠገብ የነበረውን የፕላስቲክ ጽጌረዳ እንኳ አልማረውም። ሞኝ ነው እንዳትሉኝ፣ ፍርሃት እንዲህ ያደርጋል።

ታዲያ መርዙ ከየት መጣ? ነገሩ አላስቀምጥ ቢለው የላይኛው ፎቅ ጎረቤቱን በር አንኳኳ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ በራቸውን አበባ በአበባ አድርገውታል።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ድመቷ ከእርስዎ አበባ በልታብኝ ይሆን?"

"ድመትህ ከቤት ወጥታ ታውቃለች?"

"ኧረ ወጥታ አታውቅም።"

"ታዲያ የእኔ አበባ በእግሩ ሄዶ ተበላላት?"

"ልክ ነዎት" ብሎ ወረደ። ደረጃው መሃል ቆመና "ግን እኮ…" አለ ለራሱ። ግን እኮ ምን? እሱም አያውቀውም።

ቤቱ ሲገባ እትዬ ደወለች። "እሜቴ በላች?"

"እንዴታ! በልታ ተኝታለች!"

ስልኩን ዘግቶ ድመቷን በፎጣ ጠቀለላትና ወደ እንስሳት ክሊኒክ በረረ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ረጋ ያለች። የድመቷን ደም መርምራ ስትመለስ ፊቷ ጠቆር ብሏል።

"ጋሼ፣ ቤትዎ ሊሊ የሚባለው አበባ አለ? ኩላሊቷን እንዲህ አድርጎ የሚጎዳው እሱ ነው።"

"እቴ! ቤቴ እንኳን ሊሊ ጎመንም አይገባ!"

"የት ነው የምትተኛው?"

ይህን እንኳ ያውቃል። የመጣች ሰሞን በሩን እየቧጨረች ስታለቅስ አንጀቱ አልችል ብሎ፣ ከሥራ ሲመለስ ጃኬቱን አውልቆ ሶፋው ላይ አነጠፈላት። ወጥታ ተጠቅልላ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ በየማታው ገላው እንዳሞቀው ያነጥፍላታል።

"ጃኬቴ ላይ ነዋ! ይኸው፣ የለበስኩት።"

ሐኪሟ እጅጌውን ያዝ አድርጋ አየች። ቢጫ ዱቄት ነክቶታል።

"ሥራዎ ምንድን ነው?"

"የሰርግ አዳራሽ አስጌጣለሁ።"

"በምን?"

"በአበባ ነዋ! ሰሞኑን እንኳ በነጭ…" ዓይኑ እጅጌው ላይ ወደቀ።

ሊሊውን በሁለት እጁ አቅፎ ነው ሲያመላልስ የሰነበተው። ግን የአዳራሽ አበባ ለእሱ ዕቃ ነው፤ እንደ ወንበር፣ እንደ መጋረጃ። እትዬ "አበባ አውጣ" ስትለው በሐሳቡ የዞረው ቤቱን ብቻ ነበር፤ የሚለብሰው ልብስ ትዝም አላለው።

"የአበባው ዱቄት ጸጉሯ ላይ ይቀራል" አለች ሐኪሟ። "ስትልሰው ትውጠዋለች።"

"እኔ ነኛ የመረዝኳት!"

"አላወቁም ጋሼ። አሁን ጉሉኮስ እንሰጣታለን። ከሸናች ኩላሊቷ እየሠራ ነው ማለት ነው። ካልሸናች ግን…"

ጃኬቱን አወለቁለት፣ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ፣ ድመቷን አጥበው ጉሉኮሱን ከሰኩላት በኋላ ጭኑ ላይ አስተኙለት። ቢያወጣው ቢያወርደው አልገባው አለ። ቅጠል ሁሉ ከቤት ያወጣ ሰው እንዴት መርዙን ራሱ ለብሶ ይገባል? ለእትዬስ ምን ብሎ ይነግራታል? ሆዱ ባሰውና አለቀሰ። "እባክሽ እሜቴ፣ በሞቴ፣ ሽኚልኝ" እያለ ሲለማመጥ፣ ውሻ ይዞ የመጣ ሰውዬ ወንበሩን ትንሽ ራቅ አደረገ።

እንዲያ እንደተቀመጠ ጭኑን ሞቀው። ጉሉኮሱ የፈሰሰ መስሎት ደነገጠ። ጎንበስ ብሎ አሸተተ።

"ዶክተር! ኧረ ዶክተር! ሸናችብኝ!"

ሐኪሟ ሮጣ መጥታ "እሰይ! እሰይ ጋሼ!" አለች።

ወዲያው ስልኩ ጠራ። ያው እትዬ።

"እትዬ፣ ሸናችብኝ! ሱሪዬ በሰበሰ! ተመስገን!"

"አንተ፣ ምን ነካህ? በደስታ ነው እንዲህ የምታለቅሰው?"

እሱም ዘረገፈው። ጃኬቱን፣ ሊሊውን፣ ውሸቱን። "ልገድልብሽ ነበር እትዬ፣ በገዛ እጄ።"



"ደህና እንዳልሆነች እኮ ቅድም ድምፅህ ነግሮኛል" አለች እትዬ። "ለእሷ ልጨነቅ ወይስ ላንተ ግራ ገብቶኝ ነው ዝም ያልኩት። በል፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርግላት።"

አደረገላት። እትዬ ምን እንዳለቻት አልሰማም፤ ድመቷ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ በሩን አየች።